በየደቂቃው ብቅ የሚለውን ሳጥን ማስቆሚያ፦ ለስልክም ለኮምፒውተርም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ስልክ የሚያውቅ ልጅ» ተብሎ ስም ማውጣት ጣጣ አለው። ደረጃ ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ስልክ ይዘረጋልኛል። «ቫይረስ ገብቶበት ነው መሰለኝ፣ እስኪ እየው።» አየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ የሚባል ነገር የለም። ያለው የሆነ ቀን ሳይታሰብ የተነካ «አላው» (ፍቀድ) የሚል ቁልፍ ነው።

ለዚህ ብሎ ስልኩን ፎርማት የሚያስደርግ ሰው ሳይ ያበሳጨኛል። ገንዘቡ ይሄዳል፣ ፎቶውና ኮንታክቱ ይጠፋል፣ ብዙም ሳይቆይ ያው ሳይት ላይ ያው ቁልፍ ይነካል። ከዚህ በታች ያለውን ግን ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ መሥራት ይችላል። አብዛኛውን የሞባይል ዳታ አጥፍታችሁም መሥራት ትችላላችሁ።

የምጠቅሳቸው ስሞች ስልካችሁ በእንግሊዝኛ ሲሆን የምታዩአቸው ናቸው። በአማርኛ ካደረጋችሁት «ሴቲንግስ» ያልኩት «ቅንብሮች»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ያልኩት «ማሳወቂያዎች» ይሆናል። ቦታው ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል። ካጣችሁት ሴቲንግስ ውስጥ ባለው መፈለጊያ ስሙን ጻፉት፣ ያወጣላችኋል።

መጀመሪያ፦ የሚያናግራችሁ ማን ነው?

ስክሪን ላይ የሚመጣ ሳጥን ሁሉ አንድ አይደለም። መድኃኒቱም እንደዚያው ይለያያል። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ማን እንደላከው ለዩ።

አንዱ የገጹ የራሱ ሳጥን ነው። ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉት አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ወይም ገጹን ሸፍኖ ይቆማል። ይሄ ከገጹ አይወጣም፤ ታቡን (ገጹ የተከፈተበትን ክፍል) ስትዘጉት አብሮ ይሞታል።

ሁለተኛው ብራውዘሩ (እንደ ክሮም ያለው፣ ሳይት የምትከፍቱበት አፕ) ራሱ የሚጠይቃችሁ ነው። የሳይቱን አድራሻ ጠርቶ «እንዲህ ያለው ሳይት ኖቲፊኬሽን ሊልክልዎ ይፈልጋል»፣ ወይም ያላችሁበትን ቦታ፣ ካሜራችሁን፣ ማይካችሁን ይፈልጋል ይላል። ዋናዎቹ ቁልፎች ሁለት ናቸው፦ «አላው» እና «ብሎክ» (አግድ)። ጠንቀቅ ማለት ያለባችሁ እዚህ ጋ ነው። እዚህ የሰጣችሁት መልስ ገጹን ከዘጋችሁ በኋላም ይቆያል።

ሦስተኛው ብራውዘሩ ተዘግቶ፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያለ ከላይ የሚወርድ መልእክት ነው። ይሄ የሁለተኛው ልጅ ነው፤ አንዴ ፈቅዳችሁለታል። አራተኛው ደግሞ ሌላ አፕ ላይ ሆናችሁ፣ ለምሳሌ ደውላችሁ ስትጨርሱ፣ ስክሪኑን ሙሉ ሸፍኖ የሚመጣ ማስታወቂያ ነው። እሱ ከብራውዘር አይደለም። የጫናችሁት አንድ አፕ ነው።

ኖቲፊኬሽኑን ከሥሩ መንቀል

ሰው በብዛት የሚቸገረው በሦስተኛው ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ እያለ ቲን ይላል። «ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል»፣ «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «5 ያልተነበበ መልእክት አለዎት»። ሲብስም የራቁት ፎቶ።

ከእኛ ብሎክ አንዲት እናት ስልካቸውን ስክሪኑን ወደ ደረታቸው ገልብጠው ነው ያመጡልኝ። «የኔ ልጅ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልከፍትም። ራሱ ነው የሚመጣው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መዝሙር ሊያወርዱ የገቡበት ሳይት ፈቃድ ጠይቋቸው እሺ ብለውታል። እሺ ከተባለ በኋላ ምን እንደሚልክ የሚወስነው ሳይቱ ነው። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በክፉ አትጠርጥሩ። አስተካክላችሁ ስጧቸው።

አጭሩ መንገድ ይሄ ነው። መልእክቱ ሲመጣ አትክፈቱት፤ ጣታችሁን ላዩ ላይ ጫን አድርጋችሁ አቆዩት። ክሮም የላከው ከሆነ የክሮም ስምና የሳይቱ አድራሻ በትንሹ ተጽፎ ታያላችሁ። ማጥፊያውም እዚያው ይመጣል። አንዳንድ ስልክ ላይ ከመልእክቱ ሥር «አንሰብስክራይብ» የሚል ቁልፍም አለ። ግን ሳይቱ ራሱ አስመስሎ የራሱን ቁልፍ እዚያ ቦታ ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ እኔ ረጅሙን መንገድ እመርጣለሁ፦

1. ክሮምን ክፈቱ። ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ሴቲንግስ» ግቡ።
2. ወደ ታች ውረዱና «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ኖቲፊኬሽንስ» የሚለውን ንኩ።
3. እስካሁን የፈቀዳችሁላቸው ሳይቶች ተዘርዝረው ታያላችሁ። የማታውቁትን ስም አንድ በአንድ ንኩና አግዱት። «ሪሙቭ» ብቻ ካላችሁት ተመልሶ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ «ብሎክ» ካላችሁት ግን አይጠይቅም።
4. እዚያው ገጽ ላይ ከላይ ያለውን ማብሪያ አጥፉት። ከዚህ በኋላ አዲስ ሳይት ሁሉ ገና ሲከፈት «ልላክልዎ ወይ?» ማለቱን ያቆማል።

ዝርዝሩን ስትከፍቱት የማታስታውሱት ስም ሞልቶ ብታገኙ አትደንግጡ። ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀባቸው፣ ትርጉም የሌላቸው አድራሻዎች ይኖራሉ። አታንገራግሩ፣ ሁሉንም አግዱ። አንድ ሳይት ኖቲፊኬሽን ስላልላከ አገልግሎቱ አይቋረጥም።

አንዳንዱ ሰው ከስልኩ ሴቲንግ ገብቶ የክሮምን ኖቲፊኬሽን ጭራሽ ይዘጋዋል። ይሠራል። ግን ፋይል ስታወርዱ የት እንደደረሰ የሚያሳየውም አብሮ ይጠፋል። ኔትወርክ እየተቆራረጠ ፒዲኤፍ ለሚያወርድ ሰው ይሄ ጥሩ አይደለም።

ፋየርፎክስ ላይም ሴቲንግስ ውስጥ የሳይቶች ፈቃድ የሚለው ሥር «ኖቲፊኬሽን» አለ፤ «ብሎክድ» አድርጉት። ከስልኩ ጋር ተጭኖ የሚመጣ ብራውዘር ካላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። የሳይት ፈቃድ ሳያስፈልገው ራሱ ዜናና ማስታወቂያ የሚልክ አለ። እሱን ከስልኩ ሴቲንግስ «አፕስ» ገብታችሁ ኖቲፊኬሽኑን ዝጉበት። የማትጠቀሙበት ከሆነም «ዲሴብል» በሉት።

አይፎን ላይ ሳይት ኖቲፊኬሽን መላክ የሚችለው ሆም ስክሪን ላይ ካስቀመጣችሁት ብቻ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው የ16.4 አፕዴት ወዲህ ነው። አይፎን የያዘ ሰው «ቫይረስ ይለኛል» ካለኝ ቀድሜ የማየው ካላንደሩን ነው። ሳያውቀው የማጭበርበሪያ ካላንደር ተመዝግቦ በየሰዓቱ «ቀጠሮ» ይመጣለታል። ካላንደር አፑን ክፈቱ፣ ከታች «ካላንደርስ» ግቡ፣ የማታውቁትን ስም ፈልጉና ሰርዙት።

«ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ»

ሳይቶች ያን ፈቃድ እንዴት ነው የሚያገኙት? በማታለል ነው። ገጹ ላይ የሚሽከረከር ነገር ያሳዩአችኋል፤ ከጎኑ «ሮቦት ካልሆኑ አላው የሚለውን ይጫኑ» ይላል። ወይም «ቪዲዮው እንዲጀምር አላው ይበሉ»። ነጭ ውሸት ነው። እውነተኛው የሮቦት መለያ ሳጥን ላይ ምልክት ያስደርጋችኋል፣ ወይም የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ያስመርጣችኋል። ኖቲፊኬሽን ፍቀዱልኝ አይልም።

ኮምፒውተር ላይ የባሰ አለ። «ለማረጋገጥ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ‹አር› ጋር ይጫኑ፣ ቀጥሎ ኮንትሮል ‹ቪ›፣ ከዚያ ኢንተር» የሚል። ይሄን ካደረጋችሁ ሳይቱ ደብቆ ኮፒ ያደረገላችሁን ትእዛዝ በገዛ እጃችሁ ኮምፒውተሩ ላይ አስነሳችሁ ማለት ነው። የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ይገባል። ከብራውዘር ወጥታችሁ ኪቦርድ ላይ ቁልፍ እንድትነካኩ የሚያዝ ማረጋገጫ ካያችሁ ወዲያው ዝጉት።

«ስልክዎ 13 ቫይረስ አለው!»

ስክሪኑ ይቀላል፣ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ሰከንድ ወደ ኋላ ይቆጥራል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ድረ ገጽ የስልካችሁን ውስጥ መርምሮ ቫይረስ መቁጠር አይችልም። የስልካችሁን ሞዴል ጠርቶ ቢያስደነግጣችሁም ሞዴሉን ብራውዘሩ ራሱ ለማንኛውም ሳይት ሊነግር የሚችለው ነገር ነው። መርምሬ አገኘሁ ማለት አይደለም።

ገጹ ላይ ያለ ምንም ቁልፍ አትንኩ። «ካንስል» የሚለውንም፣ የኤክስ ምልክቱንም አትመኑ፤ ሥዕል ሊሆን ይችላል። በስልክ ከሆነ ታቦቹን የሚያሳየውን ባለ ቁጥር ሳጥን ነክታችሁ ታቡን ጣሉት። እምቢ ካለ ሴቲንግስ፣ «አፕስ»፣ «ክሮም» ገብታችሁ «ፎርስ ስቶፕ» በሉት። በኮምፒውተር ስክሪኑን ሞልቶ ከያዘባችሁ «ኢኤስሲ»ን ይዛችሁ ቆዩ፣ ከዚያ ኮንትሮል «ደብሊው» ታቡን ይዘጋል። እሱም ካልሆነ ኮንትሮል ሺፍት «ኢኤስሲ» ታስክ ማኔጀርን ያመጣል፤ ብራውዘሩን ከዚያ ዝጉት። መልሳችሁ ስትከፍቱ «ሪስቶር» ካላችሁ ግን ያንኑ ገጽ ይመልስላችኋል። አትበሉ።

ኳስ በነጻ ስታዩ

መብራት ጠፍቶ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሲዘጋ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጨዋታውን በስልክ መፈለግ ይጀምራል። የነጻ ኳስና የነጻ ፊልም ሳይቶች የሚኖሩት በፖፕ-አፕ፣ ማለትም ሳትጠይቁ በሚከፈት የማስታወቂያ ገጽ ነው። «ፕሌይ» ስትሉ ሌላ ታብ ይከፈታል፣ ስትመለሱ ሌላ። በደከመ ኔትወርክ ደግሞ ይብሳል። ገጹ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚመጣው። ጣታችሁ ወደ «ፕሌይ» እየወረደ እያለ ማስታወቂያው ዘግይቶ ይደርስና ቁልፉን ወደ ታች ይገፋዋል። እናንተም ማስታወቂያውን ትነኩታላችሁ። ገጹ ተጭኖ እስኪያልቅ ትንሽ መጠበቅ ብቻውን ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ክሮም ላይ «ሳይት ሴቲንግስ» ውስጥ «ፖፕ-አፕስ ኤንድ ሪዳይሬክትስ» የሚል አለ። መታገዱን አረጋግጡ። ሲመጣ ጀምሮ የታገደ ነው፤ አንድ ሰው ወይም አንድ ሳይት አስከፍቷችሁ ሊሆን ይችላል። እዚያው አካባቢ «ኢንትሩሲቭ አድስ» የሚለውም ታግዶ ይቆይ።

እውነቱን ለመናገር ግን ይሄ ብቻውን ሁሉንም አያቆምም። ጣታችሁ ሲነካ የሚከፈተውን ብራውዘሩ እናንተ የከፈታችሁት ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሳይት ካልገባሁ የሚል ሰው ፋየርፎክስን ያውርድ። ክሮም ስልክ ላይ ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አይቀበልም፤ የአንድሮይዱ ፋየርፎክስ ግን ይቀበላል። ሦስቱን ነጥብ፣ «ኤክስቴንሽንስ»፣ ከዚያ «ዩብሎክ ኦሪጅን»ን ጨምሩ። ነጻ ነው። ማስታወቂያው ገና ሳይወርድ ስለሚያግደው ዳታም ይተርፋል። በሜጋ ባይት ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ክሮም ለምትጠቀሙ የሚሠራው «ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት» የሚባለው ነው፤ ዋናውን አዲሱ ክሮም አይቀበለውም።

ኦፔራ ሚኒ የሚባለው ብራውዘር አብሮት የመጣ ማስታወቂያ ማገጃ አለው፣ ዳታም ይቆጥባል። ለዜና ጥሩ ነው። ዳታ በጣም በሚቆጥብበት ሁኔታ ላይ ግን ገጹ በኦፔራ ኮምፒውተሮች በኩል ተጨምቆ ነው የሚመጣላችሁ። ባንክ ነክ ነገር በዚያ አትክፈቱ።

ብራውዘር ሳይከፈት የሚመጣው

አራተኛው ዓይነት ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ከፕሌይ ስቶር ውጭ በቴሌግራም የመጣ አፕ ነው። አንዳንዴም ባትሪ «የሚያጸዳ»፣ መብራት የሚያበራ ምናምን የሚባል አፕ ይሆናል። ማስታወቂያው ሲመጣ ሳትዘጉት የተከፈቱ አፖችን የሚያሳየውን ቁልፍ ንኩ። ማስታወቂያውን የያዘው አፕ ምልክቱና ስሙ እዚያ ሊታይ ይችላል።

ካልታየ ሴቲንግስ፣ «አፕስ»፣ «ስፔሻል አፕ አክሰስ» ግቡና «ዲስፕሌይ ኦቨር አዘር አፕስ» የሚለውን ክፈቱ። በሌሎች አፖች ላይ እንዲወጡ የተፈቀደላቸው እዚያ ተዘርዝረዋል። ሜሴንጀር ቢኖር አይገርምም። የእጅ ባትሪ አፕ ግን እዚያ ምን ይሠራል? ፈቃዱን ንጠቁትና አፑን አጥፉት። «አንኢንስቶል» የሚለው ደብዝዞ አልነካም ካለ አፑ ራሱን አስተዳዳሪ አድርጓል ማለት ነው። ሴቲንግስ ላይ «ዲቫይስ አድሚን» ብላችሁ ፈልጉ፣ ከዚያ አውጡት፣ ተመልሳችሁ አጥፉ።

በዚያው «ስፔሻል አፕ አክሰስ» ውስጥ «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» አለ። ክሮምም ቴሌግራምም «ኖት አላውድ» ይሁኑ። በመጨረሻ ፕሌይ ስቶርን ክፈቱ፣ የፕሮፋይል ምስላችሁን ነክታችሁ «ፕሌይ ፕሮቴክት» ግቡና «ስካን» በሉ።

ቀዩ ማስጠንቀቂያና የሐበሻ ቀን

እስካሁን «ዝጉት» ስል ነበር። አንዳንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልትሰሙት ይገባል። ክሮም ራሱ ሙሉ ገጹን ቀይ አድርጎ «አደገኛ ሳይት» ካለ ተመለሱ። የታወቀ የማጭበርበሪያ ገጽ ነው ማለት ነው። ይሄን ጥበቃ የሚሰጠው «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ያለው «ሴፍ ብራውዚንግ» ነው። ሦስት ደረጃ አለው። «ስታንዳርድ» ለብዙ ሰው ይበቃል። «ኢንሃንስድ» የበለጠ ይጠብቃል፤ በምላሹ ስለምትከፍቷቸው ገጾች ለጉግል ብዙ ይልካል። «ኖ ፕሮቴክሽን» ላይ ካገኛችሁት አሁኑኑ ቀይሩት።

«ኮኔክሽንዎ ፕራይቬት አይደለም» የሚለው ግን የተለየ ነው። ሁሉም ሳይት፣ ጉግል ሳይቀር፣ እንዲህ ካለባችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሳይቶቹ ሳይሆን የሰዓታችሁ ነው። እያንዳንዱ ሳይት ማንነቱን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. የዚህ ወረቀት ዕድሜ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ስልኩ ላይ ዓመቱን በሐበሻ አቆጣጠር 2018 ብሎ የሞላ ሰው ከዓለም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ወረቀቱ ሁሉ «ገና አልጀመረም» ይሆንበታል። ሰዓቱን በሐበሻ የሞላ ደግሞ በስድስት ሰዓት ይዛነፋል። ገጾች ሊከፈቱለት ይችላሉ፤ አንዳንድ አፕ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የማረጋገጫ ኮድ ግን አይሠራለትም። ሴቲንግስ፣ «ዴት ኤንድ ታይም»፣ «አውቶማቲክ» አድርጉትና ተዉት። የሐበሻ ቀን ለማየት የካላንደር አፕ ጫኑ።

አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክብ ባትሪ አልቋል። ሲአር 2032 በሉት፣ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ይገኛል።

የቀረው ማስጠንቀቂያ አንድ ሳይት ላይ ብቻ የሚመጣው ነው። ሰዓታችሁ ልክ ሆኖ አንድ ሳይት ብቻ እንዲህ ካለ የይለፍ ቃል አትጻፉበት። ባንክ ወይም ቴሌብር ነኝ የሚል ከሆነማ ጭራሽ። «ነጻ 50 ጊጋ ለማግኘት ለ10 ግሩፕ ያጋሩ» የሚል ሊንክ ሲመጣም እንደዚያው። ፓኬጅ በ*999# ይታያል፤ እዚያ ከሌለ የለም። ቴሌግራም ውስጥ የነካችሁት ሊንክ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ከተከፈተ ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ በክሮም ክፈቱትና አድራሻውን ሙሉውን አንብቡ።

ስለ ኩኪ የሚጠይቀው ሳጥን አያስጨንቃችሁ። በአብዛኛው የአውሮፓ ሕግ ያመጣው ነው። «ሪጀክት ኦል» ካለ እሱን ንኩ፣ ገጹ ይከፈታል።

ኮምፒውተር ላይ፣ የራስም የሰውም

ኖቲፊኬሽኑ በዊንዶውስ ከታች በቀኝ ጥግ ነው የሚወጣው። የታወቀ አንቲቫይረስ ስም ለብሶ ስለሚመጣ ሰው ይሸወዳል። መንገዱ ያው ነው፦ ሦስቱ ነጥብ፣ «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ»። ብራውዘሩ ሲከፈት የማታውቁት ገጽ የሚመጣ ከሆነ «ኤክስቴንሽንስ» ውስጥ ያልጫናችሁትን አጥፉ። ካልተሻለው «ሪሴት ሴቲንግስ» አለ። የተቀመጠ የይለፍ ቃልና ቡክማርክ አያጠፋም፤ ኤክስቴንሽኖቹን ግን ሥራ ያስቆማቸዋል።

የሰፈር ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ዊንዶውስ 7 ያለበት ማሽን ካገኛችሁ ክሮሙ በ2023 እ.ኤ.አ. በ109ኛው ቨርዥን ላይ የቆመ ነው። ከዚያ ወዲህ የጥገና አፕዴት አያገኝም። ሲቪ ለማተም ይሆናል፤ ባንክ ለመክፈት አይሆንም።

በማንኛውም የሰው ማሽን ላይ ኮንትሮል ሺፍት «ኤን» ብላችሁ በኢንኮግኒቶ (የገባችሁበትን በማያስቀምጠው መስኮት) ግቡ። «ፓስወርድ ይቀመጥ ወይ?» ሲል «ኔቨር»። ስትጨርሱ ታቡን ብቻ ሳይሆን የኢንኮግኒቶ መስኮቶቹን በሙሉ ዝጉ። ዶክመንት ለማተም ቴሌግራም ዌብ ከፍታችሁ ከነበረ ደግሞ ከኢንተርኔት ቤቱ ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ሴቲንግስ፣ «ዲቫይስስ» ግቡ። ያ ኮምፒውተር በስሙ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። ንኩትና «ተርሚኔት» በሉት።